ኩቴክስሽ በማግስቱ የሚላጠው ለምንድን ነው?

ቅዳሜ ማታ የቀባሽው እሑድ ምሳ ላይ ጫፍ ጫፉ ከተነሳ፣ «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» ከማለትሽ በፊት ከመቀባትሽ በፊት እጅሽ ምን ሲሠራ እንደዋለ አስቢ። እኔ በአንድ ሰርግ ዋዜማ የእህቴን ፀጉር ቅቤ ስቀባ አምሽቼ፣ በሳሙና ታጥቤ፣ ቀይ ኩቴክስ ተቀባሁ። ጠዋት ቀሚሴን ስስብ የአውራ ጣቴ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሙሉውን ተነሳ። መዳፍ በሳሙና ይጠራል፤ የጥፍር ዳርና ዳር ግን ቅባቱን ይዞ ይቀራል። ሎሽንም ያው ነው። መፍትሄው አሴቶን (የኩቴክስ ማስለቀቂያ ፈሳሽ) በነካ ጥጥ እያንዳንዱን ጥፍር ጠርጎ፣ ከዚያ ምንም ሳይነኩ መቀባት ነው።

ቅባት ካልሆነ ውሃ ነው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ የደረቀው ቀለም ግን አብሮት ስለማይሰበሰብ ይሰነጠቃል። ልብስ ወይም ዕቃ ካጠብሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ተቀቢ። መጀመሪያ ቤዝ ኮት (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው)፣ ሁለት ስስ ቅብ ቀለም፣ በመጨረሻ ቶፕ ኮት (ከላይ የሚቀባው)፤ ብሩሹንም በጥፍሩ ጫፍ ጠርዝ ላይ አሳልፊው። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይሄንን ነው፣ መላጡም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ቆዳ ላይ የፈሰሰውንም ሳይደርቅ ጥረጊው፣ አለዚያ ቀለሙን ከሥሩ ያነሳዋል።

አረፋ ካወጣ ጠርሙሱን ነቅንቀሽዋል ወይም አወፍረሽ ቀብተሻል። በመዳፍሽ መሃል አንከባልይው፣ ስስ አድርገሽም ቀቢ።

ወፍሮ እንደ ማር ከተጎተተ ፈሳሽ የሚያደርጉት ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ተነዋል ማለት ነው። አሴቶን ጠብ ማድረግ ለጊዜው ያቀጥነዋል፣ ኋላ ግን ቀለሙን ያበላሸዋል፤ ጥንካሬውም ድምቀቱም ይጠፋል። የኩቴክስ ማቅጠኛ 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃዋል። የጠርሙሱን አንገት ካልጠረግሽ ክዳኑ በደንብ ስለማይገጥም መልሶ ይወፍራል።

ጥፍርሽ ቢጫ ከሆነ ቤዝ ኮት ሳታደርጊ ጠቆር ያለ ቀለም ተቀብተሻል። እንሶስላ እንዲያቀልም ብለን ነው የምንሞቀው፤ ኩቴክስ ግን ሳንጠይቀው ያቀልማል። በሎሚ መፈተግ ጥፍሩን ከማድረቅ ሌላ ብዙም አይፈይድም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ እስኪቀየር ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ቢጫነቱ ላይ መወፈርና መፈርፈር ከተጨመረበት ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላልና ለቆዳ ሐኪም አሳዪው።

ጄል (በመብራት የሚደርቀውን ኩቴክስ) ተቀብተሽ የጥፍርሽ ዙሪያ ካሳከከሽ፣ ከቀላ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ እባክሽ «ይለምደኛል» አትበዪ። ጄሉ ውስጥ ያለው አክሪሌት የሚባል ኬሚካል በደንብ ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያስነሳል፤ ማድረቂያ መብራቱ ለዚያ ጄል ካልተሠራ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። አለርጂው አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም፤ ተመሳሳይ ነገር ስላለባቸው አንዳንድ የጥርስ መሙያዎች እንኳ ሊያስቸግሩሽ ይችላሉ። ስለዚህ ማቆም ነው፤ ሐኪምሽና የጥርስ ሐኪምሽም ይወቁት።

ጄሉን ስታወልቂ በጥፍር አትፈልቅቂው፣ የጥፍርሽን ሽፋን ይዞ ይነሳል። ላዩን በሞረድ ቧጠጥ አድርገሽ፣ አሴቶን የጠጣ ጥጥ አስቀምጠሽ፣ በፎይል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠቅልይው። መስኮት ክፈቺ፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብም አትቀመጪ፣ የአሴቶን ትነት እሳት ይይዛል።