ኦርቶዶክስ ሆናችሁ ካቶሊክ ተቋም ለመማር ካሰባችሁ

አዲስ አበባ ላይ ካፑቺኖቹ (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ናቸው) የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ተቋም አላቸው፣ እና እንደዚህ አይነት ቦታ መማር ካማራችሁ ቤት ቁጭ ብሎ "ይቀበሉኝ ይሆን?" ከማለት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቀድማችሁ የምታጣሩት ዲግሪውን ነው፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ያለው ነው ወይስ የቤተክርስቲያን ብቻ? ይሄን ሳያጣሩ ተመዝግቦ በኋላ ሥራ ፍለጋ ላይ መደንገጥ አያዋጣም ባይ ነኝ። ማስተማሪያ ቋንቋውንም ጠይቁ፣ ፍልስፍና በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀልድ አይደለም።

ቤተሰብ "ሃይማኖት ልትቀይር ነው እንዴ" ማለቱ አይቀርም፣ አይገርምም፣ በ1999ኙ ቆጠራ ካቶሊክ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር፣ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። እዚህ አገር ከካቶሊኮቹም በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ እንዳሉ ንገሯቸው፣ እናቶች ትንሽ ይረጋጋሉ 😄 ቅዳሴ ብትገቡ ግን ቁርባን ላይ አትሰለፉ። ረቡዕና አርብ ደግሞ የጾም ምሳ መኖሩን ካፌውን ጠይቁ፣ ከሌለ ምሳ ዕቃ ያዙ በቃ።