የመንጋጋ መገጣጠሚያ ምስል ሲታዘዝና ሲነሳ የሚሠሩ ስህተቶች

አፍ ተዘግቶ ብቻ የተነሳ የመንጋጋ ኤምአርአይ። ይሄ ሲመጣልኝ ደሜ ይፈላል። ጥያቄው እኮ ዲስኩ፣ ማለትም በመገጣጠሚያው አጥንቶች መሃል ያለው ስስ ትራስ፣ ወደ ፊት ሸሽቷል ወይ የሚለው ብቻ አይደለም። አፍ ሲከፈት ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ ነው። የሚመለስ ከሆነ ታካሚው ብዙ ጊዜ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማዋል። የማይመለስ ከሆነ አፉ አልከፈት ሊል ይችላል። አፍ ተዘግቶ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። “አመመውና ተውነው” ይሉኛል። እሺ፣ የቻለውን ያህል ይክፈትና ስንት ሚሊሜትር እንደከፈተ ጻፉልኝ። ደግሞ በገዛ ጡንቻው ከፍቶ ይቆይ አትበሉት፤ መንጋጋው ይንቀጠቀጥና ምስሉ ይደበዝዛል። ጥርሶቹ መሃል የሚነክሰው መደገፊያ ይግባለት።

ለዲስክ ችግር ሲቲ ማዘዝም አለ። ሲቲም ሆነ ኮን ቢም ሲቲ (ለጥርስና ለመንጋጋ የሚውለው የሲቲ ዓይነት) የአጥንት ነው፤ ለስብራት፣ ለተበላ አጥንት፣ ለተጣበቀ መገጣጠሚያ። ዲስኩንና የመገጣጠሚያውን ፈሳሽ የሚያሳያችሁ ኤምአርአይ ነው።

ምስሉን የምታነሱ ባለሙያዎች፣ ቁርጦቹን፣ ማለትም ኤምአርአይ መገጣጠሚያውን እየከፋፈለ የሚያሳያቸውን ስስ ምስሎች፣ በጭንቅላቱ ቀጥታ አትውሰዱ። ኮንዳይል የምንለው የመንጋጋው ራስ የውስጥ ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ቁርጡ የእሱን አቅጣጫ ይከተል፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ። ውፍረቱም ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ ዲስኩ ስስ ነው።

አንዱን ጎን ብቻ አታንሱ። መንጋጋ አንድ አጥንት ነው፤ አንዱ ጎን ሲንቀሳቀስ ሌላውም ይንቀሳቀሳል።

ፓኖራሚክ ራጅ (ጥርሶቹንና መንጋጋውን በአንድ ምስል የሚያሳየውን) አይቶ “የመገጣጠሚያው ክፍተት ጠቧል” ማለት ግምት ነው። ታካሚው ሲነሳ በፊት ጥርሶቹ መያዣ ነክሷል፤ መንጋጋው ወደ ፊት ወጥቷል። ኮንዳይሉ መቼ በተለመደ ቦታው ነበርና?

ጀማሪዎች ደግሞ የሸሸ ዲስክ ባዩ ቁጥር ሕመሙን ያገኙት ይመስላቸዋል። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። ግን ምንም ከማያማቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በኤምአርአይ ሲታዩ የሸሸ ዲስክ አላቸው። አንዲት ታካሚ ትዝ ትለኛለች። የሚያማት ግራዋን ነው፤ ዲስኩ የሸሸው በቀኝ። ሪፖርቱ ስለ ቀኙ ብቻ አተተ። ሕክምናው በቀኙ ሊጀመር ሲል “ኧረ እኔን የሚያመኝ ግራው ነው!” አለች። ማዘዣ ወረቀቷን ፈልጌ አየሁት። “የመንጋጋ ሕመም” ይላል፣ በቃ። የቱ ጎን እንደሚያም፣ ድምፅ ይኑረው አይኑረው፣ አፏ ምን ያህል እንደሚከፈት አንድም ቃል የለም።