ስልኬ በማይሠራበት ሳምንት ለገጣፎ ያለውን ቤት ማን ያስተዳድራል?

ሐምሌ ሲገባ ለገጣፎ ጭቃ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ባሕር ላይ ነኝ። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ደሴት ዙሪያ በካያክ እየቀዘፍኩ ለጀማሪዎች የሚሆን የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ እየጨረስኩ ነው። ካያክ ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። ጣና ላይ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ያየ ሰው ቅርጹ አይጠፋውም። በዚያ ጠረፍ ለመቅዘፍ የሚመቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ የሚወርደውም በነዚሁ ወራት ነው። ቤቴ በጣም የሚፈልገኝና ስልኬ የማይሠራው በአንድ ወቅት ነው ማለት ነው።

አገር ቤት ቤት ሠርታችሁ ውጭ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ካያክ አትቀዝፉም። ግን የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስም፣ ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዳም፣ ሆስፒታል የተኛም ስልክ የማያነሳበት ሳምንት አለው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሳምንት ነው።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። በደሴቱ ሰሜን ጫፍ ካለችው ፖርት ሃርዲ ከተማ ተነስቼ ወደ ኬፕ ኮሽን ጠረፍ አቀናሁ። 9 ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ስመለስ ገና ወደቡ ሳልደርስ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመጀመሪያው መልእክት የግቢው ጠባቂ ድምፅ ነበር። «እትዬ፣ ጎረቤት የገለበጠው አፈር ቦዩን ደፍኖታል። ውሃው በአጥሩ ሥር እየገባ ነው።» በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ «እትዬ፣ አጥሩ ተኛ።» ከሥሩ ፎቶ አለ። 6 ሜትር የሚሆን የብሎኬት አጥር ጭቃው ላይ ተዘርሯል። ከዚያ ወንድም ጋሼ፣ «አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ?»

ወንድም ጋሼ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሽማግሌ ልኮ ጎረቤቱን አነጋገረ። አልሆነም። ፍርድ ቤት ሄደ። ውክልናውን አዩና መለሱለት። የመክሰስ ሥልጣን አልተሰጠውም። እውነታቸውን ነው። ከ8 ዓመት በፊት ያጻፍኩት «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ነበር። ሙሉ ሥልጣን የሰጠሁት መስሎኝ ስንት ዓመት ተኝቻለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። እንዲሁ በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ንብረት መጠበቅ፣ ማደስ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የሚሰበሰበውን መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ የለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ያላችሁን ውክልና አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡት። የእኔ ምክር ይህ ነው። ማስተዳደር፣ ማከራየት፣ መንግሥት ቢሮ ቀርቦ ጉዳይ ማስፈጸም፣ መክሰስ፣ መከሰስና መታረቅ በግልጽ ይጻፉ። መሸጥና በመያዣ ማስያዝ አይግቡበት። ወንድም ቢሆን፣ እናት ብትሆን አይግቡበት። ይህ ያለመተማመን ጉዳይ አይደለም። ያ ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ላይ የሚመጣውን የዘመድና የደላላ ጫና አስቡት። መሸጥ ከፈለጋችሁ ለዚያ ሽያጭ ብቻ፣ የቤቱ ቁጥር ተጠቅሶ፣ ሌላ ወረቀት ይጻፋል።

አዲሱን ውክልና የጻፍኩት ፖርት ሃርዲ ሆኜ ነው። ኤምባሲያችን ያለው ኦታዋ ነው፤ የአገሩ ሌላ ጫፍ። ኤምባሲ ያረጋገጠው ዋናው ወረቀት ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሁላችንም ውልና ማስረጃ የምንለው ቢሮ ይሄዳል። ቅጂ ወይም በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይበቃም። ለእኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 7 ሳምንት ፈጀ። ወረቀቱ ወንድም ጋሼ እጅ ሲገባ ጎረቤቱ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ለመነጋገር ተቀመጠ። ቦዩን ከፈተ፣ የአጥሩን ግማሽ ወጪ ቻለ። የመታረቅ ሥልጣን ስለተጻፈ ወንድሜ ስምምነቱን በስሜ ፈረመ።

የውጭ ዜግነት የያዛችሁ አንድ ነገር አትርሱ። በአዋጅ 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ማለቴ ነው፣ ላይ ያለው ስም የቤቱ ይዞታ ካርታ ላይ ካለው ስም ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት። በባል ስም የተቀየረ ፓስፖርት ካለ የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

አሁን ከባሕር የተማርኩትን ላንሳ። ካያክ ቀዛፊ ከመነሳቱ በፊት ለሚያምነው ሰው አንድ ወረቀት ይተዋል። ከየት እንደሚነሳ፣ የት የት እንደሚያድር፣ የጀልባው ቀለም ምን እንደሆነ ይጽፋል። ዋናው ግን የመጨረሻው መስመር ነው። «እስከዚህ ቀን፣ እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለጠረፍ ጠባቂ ደውል።» ወረቀቱን የያዘው ሰው ልደውል አልደውል ብሎ አያመነታም። ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል።

ለቤቴም እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ጣሪያ ቢያፈስ፣ ቦይ ቢደፈን፣ የመብራት ቆጣሪ ቢበላሽ ወንድም ጋሼ እስከ 30,000 ብር ድረስ ሳይጠይቀኝ ያወጣል። ብሩ እሱ በሚያንቀሳቅሰው ሒሳብ ቀድሞ ይገባል። ከዚያ ለሚበልጥ 3 ቀን ይጠብቀኛል፤ ካልተገኘሁ ከታላቅ እህታችን ጋር ተመካክረው ይወስናሉ። ከመንግሥት ቢሮ መጥቶ በር ላይ ለሚለጠፍ ማስታወቂያ ግን 3 ቀን መጠበቅ የለም። ጠባቂው እንዳየው ፎቶ ያነሳል፣ ወንድሜ በማግስቱ የተጻፈበት ቢሮ ይሄዳል። ማስታወቂያ የቀን ገደብ አለው፤ ባለቤቱ ባሕር ላይ ነው ብሎ አይጠብቅም።

የሳተላይት መልእክት መላኪያ ይዘሽ ሂጂ የሚሉኝ አሉ። እይዛለሁ። ግን አጭር ጽሑፍ ይልካል እንጂ ፊርማ አይፈርምም።

የሰዓት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲሞር ናሮውስ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ውሃው እስከ 15 ኖት ይሮጣል፤ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ብቀዝፍ ነው። የሚታለፈው ውሃው አቅጣጫ ለመቀየር በሚያርፍባት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያመለጠው ሌላ 6 ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ቢሮም ለእኛ እንዲሁ ነው። በክረምት ቫንኩቨር ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት 2:30 ቢሮ ሲከፈት እኔ ጋ እሑድ ማታ 4:30 ነው። በእኔ ሰኞ ጠዋት ብደውል እዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዷል። ቀጠሮ ስትይዙ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር።

ከሁሉ በላይ ልለምናችሁ የምፈልገው ስለ ፎቶ ነው። መጽሐፌ ውስጥ ጀልባ የሚያርፍበትን እያንዳንዱን ዳርቻ ሁለት ጊዜ ሄጄ አያለሁ፤ ባሕሩ ሲጎድልና ሲሞላ። ሲጎድል ድንኳን የሚያስተክል ሰፊ አሸዋ፣ ሲሞላ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ነው። አንድ ፎቶ አይቼ ብጽፍ ሰው አስገድላለሁ። ከአገር ቤት የሚላክልን ፎቶም እንደዚያው ነው። የሚያምረው ጎን ብቻ ይነሳል፤ ማንም ሊያታልል ብሎ ሳይሆን ሰው ደስ ሊያሰኘን ስለሚፈልግ። ስለዚህ ከዋናው በር ተነስቶ ግቢውን የሚዞር፣ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ጠይቁ። አንዱ በግንቦት ደረቅ ቀን፣ አንዱ ከከባድ ዝናብ ማግስት።

ለገጣፎ፣ ገላን፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ የሠራችሁ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይገፋል። የእኔን አጥር የጣለውም ውሃው ብቻ አይደለም። መሠረቱ ሲወጣ ዋልካው በደንብ ተጠርጎ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ አልተተካም ነበር። ገና የምትጀምሩ ለመሠረቱ አትሰስቱ፤ ለፊኒሺንግ ያሰባችሁትን ቀንሳችሁም ቢሆን እዚያ አውሉት። የጨረሳችሁ ደግሞ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካለ ጠባቂው ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመር ያስምር፣ ቀኑን ይጻፍበት፣ ማስመሪያ አስደግፎ ፎቶ ያንሳ። በየወሩ ከዚያው ቦታ። መስመሩን አልፎ ከሄደ መሐንዲስ ይጠራ። እኔ ቤት ሳሎኑ በስተቀኝ ከመስኮቱ በታች ሦስት መስመር አለ። ከኅዳር ወዲህ ግን አልጨመረም።

ገንዘብ ላይ አጭር ልበል። በባንክ ላኩ። ጠብ ቢነሳ የሚያድነው ደረሰኝ ነው። ለኮንትራክተር በደረጃ ክፈሉ፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ሲሞላ፣ ጣሪያ ሲገባ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ የዓምና ግምት ለዘንድሮ አይሠራም።

ጉዳያችሁ የትኛው ቢሮ እንዳለም አረጋግጡ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ተጠቃልለዋል። አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሄዶ ወረፋ የጠበቀ ተወካይ ቀኑን አቃጥሎ ይመለሳል። የካርታው፣ የግንባታ ፈቃዱና የግብር ደረሰኙ ቅጂ ሁለት ሰው ጋ ይቀመጥ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ያለፈው ዓመት ክፍያ መዘጋቱን በሰኔ ጠይቁ።

ዘንድሮ ከመጽሐፉ የቀረኝ አንድ ምዕራፍ ነው፤ የደሴቱ ምዕራብ ዳርቻ፣ ነፋስ የሚበረታበት የብሩክስ ባሕረ ገብ መሬት። ከሐምሌ 12 እስከ 20 ስልክ የለኝም። ወረቀቱ ለገጣፎ የጠባቂው ክፍል በር ላይ ተለጥፏል፤ አንዱ ቅጂ ወንድም ጋሼ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦዩ በሰኔ መጀመሪያ ተጠርጓል፤ ቪዲዮውን አይቻለሁ። ሐምሌ 21 ማታ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት ካልደወልኩ፣ ወንድም ጋሼ መጀመሪያ የሚደውልበት ስልክ ቁጥር በወረቀቱ አናት ላይ በቀይ ተጽፏል።