ቶርኔዶና አፓርትመንት፦ ሳይረኑ ሳይጮህ የሚሠራ ሥራ

«ሳይረን ሲጮህ ምን እናድርግ?» ብሎ ሳይረኑ እየጮኸ የሚደውል ሰው በዛ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያው ሁለት ዓይነት ነው። ዋች ማለት አየሩ ቶርኔዶ (ኃይለኛ አዙሪት ነፋስ) ሊያመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ነው። ዋርኒንግ ማለት ወይ ራዳር ላይ ታይቷል ወይ ሰው አይቶታል፣ አሁኑኑ ግቡ ነው። በረንዳ ወጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ የለም።

«ቶርኔዶ የሚበዛበት ጸደይ (ስፕሪንግ) አለፈ» ብላችሁም አትዘናጉ። ብዙ አበሻ የሚኖርባትን የቴክሳሷን ጋርላንድ ኢኤፍ-4 (ከ0 እስከ 5 ባለው የጉዳት መለኪያ ከላይ ሁለተኛው) ቶርኔዶ የመታት እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንጆች ገና ማግስት ምሽት ነው። እዚያ ከሞቱት አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ድልድይ ሥር አትቁሙ፤ ነፋሱ እዚያ ይብሳል።

ሳይረኑ የተተከለው ውጭ ላለ ሰው ነው። ኤሲ ለቆ የተኛ ላይሰማው ይችላል። የሚቀሰቅሳችሁ ስልካችሁ ነው። ግን ስንቱ ነው የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ ሌሊት ስላስደነገጠው ሴቲንግ ገብቶ ሁሉንም የሚዘጋው! የጠፋ ልጁ ማስታወቂያ (አምበር አለርት) ለብቻው ይጠፋል። የአደጋውን አትንኩት።

ቤዝመንት ካለ እዚያ ውረዱ። ከሌለ መሬት ላይ ያለው የመጨረሻው ታችኛው ፎቅ፣ መሀል ላይ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፦ ክሎዜት ወይም መታጠቢያ ቤት። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖሩ፣ የታችኛውን ጎረቤት ከአሁኑ ተዋወቁት። ሞባይል ሆም (ተጎትቶ የሚተከል ቀላል ቤት) ውስጥ ያላችሁ ግን ዋች ሲወጣ ጠንካራ ሕንፃ ወዳለበት ሂዱ። የምትገቡበት ክፍል ውስጥ ጫማና የልጆች ሄልሜት አስቀምጡ። ጫማን ሁሉም ይረሳዋል፤ በኋላ ወለሉ ሁሉ የመስታወት ስብርባሪ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ኢንሹራንሱ ነው። ቤት ስከራይ ቢሮው «ኢንሹራንስ ግዴታ ነው» ብሎ በየወሩ ኪራዩ ላይ ትንሽ ዶላር ጨመረብኝ። አለኝ ብዬ ተኛሁ። ጣራው ተነስቶ ዝናቡ ፍራሼንና ላፕቶፔን ሲያበሰብስ ደወልኩ። ለካ ያ ወረቀት የሚሸፍነው እኔ ሕንፃው ላይ የማደርሰውን ጉዳት ብቻ ነው! ስፈርም ማንም አልነገረኝም፤ የሚነግራችሁም አይኖርም። ወረቀታችሁን አውጡና «ፐርሰናል ፕሮፐርቲ» (የግል ንብረት) የሚል መስመር ፈልጉ። አጠገቡ የገንዘብ መጠን ከሌለ ዕቃችሁ አልተሸፈነም። ዕቃችሁንም የሚሸፍነውን ሙሉውን ሬንተርስ (የተከራይ) ኢንሹራንስ ራሳችሁ ግዙ። «ምን ዕቃ አለኝና» የሚለው ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር ከዜሮ ሲገዛ ይገባዋል። መኪናም ያው ነው፤ ላያቢሊቲ (በሌላ ላይ የምታደርሱትን ጉዳት የሚሸፍነው) ብቻ ከሆነ ዛፍ ቢወድቅበት አይከፈላችሁም። እንዲህ ያለውን የራስ መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ ያስፈልጋል።

ዕቃችሁን አሁኑኑ ቪዲዮ አንሱት። ግሪን ካርዱን፣ ፓስፖርቱን፣ የኪራይ ውሉን ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉ። ፌማ (አደጋ ሲደርስ የሚረዳው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) መጀመሪያ «አይገባችሁም» ቢላችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ ደብዳቤውን አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የጎደለው ኢንሹራንሱ ምን እንደከፈለ ወይም እንደማይከፍል የሚገልጽ የመልስ ወረቀት ነው። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ፤ ወረቀቱን አያይዛችሁ ይግባኝ በሉ።