ድሬ ቁጭ ብሎ ዳይናሚካል ሲስተም ሪሰርች ለመጀመር

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሁኑ ሐረማያ፣ አፕላይድ ማትስ እየተማራችሁ የዳይናሚካል ሲስተም (በጊዜ የሚቀያየር ነገርን በቀመር የሚያጠናው ዘርፍ) ሪሰርች ከየት ነው የሚጀመረው ለምትሉ፣ አቦ ሱፐር ኮምፒውተር አትጠብቁ፣ ስልካችሁ ላይ ፓይተን የሚያስኬድ አፕ ጫኑ፣ ያለ ኔት የሚሰራውን ምረጡ።

መጀመሪያ ሎጂስቲክ ማፕ። 0.2ን ያዙ፣ ከ1 ላይ ቀንሱት፣ የቀረውን በ0.2 አባዙ፣ ከዛ አር በሚባለው ቁጥር አባዙት፣ የወጣውን መልሳችሁ አስገቡ፣ እንደዛ እያላችሁ ቀጥሉ። አር 2.8 ከሆነ 0.643 አካባቢ ሄዶ ይረጋል፣ 3.2 ላይ በ0.513 እና በ0.799 መሃል ይመላለሳል፣ 3.5 ላይ አራት ቁጥር ይሆናል፣ 3.57ን ካለፈ ባብዛኛው ቅጡ ይጠፋል (ባብዛኛው ያልኩት 3.83 ላይ ድንገት ሶስት ቁጥር ብቻ ስለሚሆን ነው፣ ሞክሩት ደስ ይላል)። የፊዚክስ ሊቁ ፋይገንባውም 1975 እ.ኤ.አ. ላይ 4.669 የምትባለዋን ታዋቂ ቁጥር (ቁጥሮቹ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያሉ ሲሄዱ የአር ክፍተት በየጊዜው በስንት እጥፍ እንደሚጠብ የምትነግረዋን) ያገኘው እኮ በእጅ በሚያዝ ካልኩሌተር ነው።

ዋናው ነገር ግን አር 4 ላይ ነው። አንዱን ከ0.2 ሌላውን ከ0.2000001 አስነሷቸው፣ ሃያ ምናምነኛው ዙር ላይ አይተዋወቁም። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚይዘው 16 ዲጂት አካባቢ ስለሆነና ስህተቱ በየዙሩ በአማካይ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ60 ዙር በኋላ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር ከትክክለኛው ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ዝም ብሎ ያልፋል። እና ምኑን እንመን? አማካዩን። በየዙሩ ያላችሁን ቁጥር ኤክስ በሉት፣ እጥፉን ከ1 ላይ ቀንሱ፣ የቀረውን በ4 አባዙ፣ ማይነሱን ጥላችሁ ናቹራል ሎጉን ውሰዱ፣ የብዙ ሺህ ዙር አማካይ 0.693 አካባቢ ካልመጣ ኮዳችሁን ፈትሹ። ሊያፑኖቭ ኤክስፖነንት (ትንሽ ስህተት በአማካይ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ የሚለካው ቁጥር) የሚሉት ይሄን ነው።

ከዛ የአየር ጠባይ አጥኚው ሎሬንዝ የ1963 እ.ኤ.አ. ሲስተም (ሶስት ቀመር ያለው)፣ ለሶስቱ ቋሚ ቁጥሮቹ 10፣ 28 እና 8/3 አስገብታችሁ በሩንጌ ኩታ (ቀመሩን በትንንሽ የጊዜ ስቴፕ እየከፋፈለ የሚፈታ ዘዴ) ፍቱት። ስቴፑን በግማሽ ቀንሱና ሁለቱ መስመሮች የቱ ሰዓት ላይ እንደሚለያዩ መዝግቡ።

ርዕስ ለሚቸግራችሁ ድሬ ሞልቷል፣ 2013 እ.ኤ.አ. የዴንጊ ወረርሽኝ ነበር፣ የዴንጊ ትንኝ ደግሞ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ የበርሜል ውሃ ትራባለች፣ ስለዚህ የሰውና የትንኝ ሞዴል ሰርታችሁ በርሜሉ ሲከደን ምን እንደሚቀየር ማየት ይቻላል። አድቫይዘር ስትጠይቁ ረጅም ሲቪ አትላኩ፣ አንድ ግራፍ፣ ኮዱ፣ እና ያልገባችሁ አንድ ጥያቄ ይበቃል።