ጋራዡ ትልቅ ዋጋ ሲጠራባችሁ ሁለተኛ መካኒክ እንዴት ይጠየቃል?

ባለፈው ዓመት ሳሪስ አካባቢ ትራፊክ ውስጥ ቆሜ እያለ የቶዮታ ቪትዜ ቀይ የሙቀት መብራት በራ። አስጎትቼ ሰፈር ያለ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያይ "እህቴ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት" አለኝ። ጓርኒሲዮኑ በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። የጠራብኝ ዋጋ 85,000 ብር። "ሲፈታ ደግሞ ሌላ ነገር ሊገኝ ይችላል" የሚለውም ተጨምሮበት።

መጨረሻ ላይ የተበላሸው የራዲያተር ፋን ሪሌይ፣ ማለትም ፋኑን የሚያስነሳው ትንሽ ማብሪያ፣ ሆኖ ተገኘ። ዕቃውም እጁም ተደምሮ 3,000 ብር አልሞላም።

ሰውዬው ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። የጋለ ሞተር ሲያይ ጓርኒሲዮን ማለት ለምዶበታል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ግን ገመተ እንጂ አልመረመረም። ስለዚህ ሁለተኛ መካኒክ የምትጠይቁት ዋጋ ለማስቀነስ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የሚጣራው በሽታው ነው። እኔ ያኔ በ60,000 የሚሠራ ሌላ ጋራዥ ባገኝ ኖሮ 25,000 ብር አተረፍኩ ብዬ እየፈነደቅኩ ጤነኛ ሞተር አስፈታ ነበር።

ከሁሉ በፊት መኪናው ሳይፈታ አስቁሙ። ይቺ ነገር ካመለጠቻችሁ ሌላው ሁሉ ከባድ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ተፈትቶ ብሎኑ በሳህን ከተቀመጠ በኋላ መኪናችሁን ይዛችሁ የትም መሄድ አትችሉም፣ የተጠራውን ከፍሎ ማስጨረስ ብቻ ነው። መካኒኩ "እስቲ ፈትተን እንየው" ሲል ፈትቶ ማየቱ ራሱ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሳይሠራ ቢቀር መልሶ ለመግጠም ስንት እንደሚል ጠይቁ። ፊት ለፊት እምቢ ማለት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ "ከቤት ጋር ልማከርና ልደውልልህ" በሉ። ማንም አይቀየምም፣ ሁሉም የሚለው ነው።

ከዚያ ፕሮፎርማ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ዋጋ ነገ ይረሳል፣ ወይም ያድጋል። ወረቀቱ ላይ ዕቃው ለብቻ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻ ይጻፍ። 15 በመቶ ቫት ተደምሮበት እንደሆነና እንዳልሆነም ይለይ። እያንዳንዱ ዕቃ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ አጠገቡ ይጻፍበት። ሁለት ፕሮፎርማ በእጥፍ ሲለያይ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው፦ አንዱ ኦሪጅናል አስቦ ነው፣ ሌላው ኮፒ። ፎቶም አንሱ። መካኒኩ "የፍሬን ሸራው አልቋል" ሲላችሁ ጎማው ወጥቶ አሳዩኝ በሉ። የፍሬን ሸራ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ መቀየሩ ልክ ነው፣ ገና ብዙ የሚቀረው ከሆነ ግን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ መካኒክ መሆን አይጠይቅም።

አሁን ሁለተኛው ሰው። ከመጀመሪያው ጋራዥ ጎን ያለውን አትጠይቁ፣ ቡና አብረው ነው የሚጠጡት። የችግሩን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፦ የካምቢዮ ነገር ከሆነ ካምቢዮ ሲፈታ የሚውል፣ የመብራትና የቻርጅ ከሆነ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ። የላዳ ታክሲ ሾፌር የነበሩ ጎረቤት ካሏችሁ ደግሞ እሳቸውን አማክሩ፣ የማን እጅ ጥሩ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔንም ያዳነኝ የእንደዚህ ዓይነት ጎረቤት ስልክ ነው።

ለሁለተኛው መካኒክ ገና ሲመጣ እንዲህ በሉት፦ "የምትመረምርበትን እከፍልሃለሁ፣ ሥራውን ግን አንተ ላትሠራው ትችላለህ።" ይህን ስትሉ ዋጋ ለማስበለጥ በሽታ የሚፈጥርበት ምክንያት ይቀንሳል። በነጻ የሚያይላችሁ ሰው ግን የድካሙን የሚያገኘው መኪናችሁን ሲፈታ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚፈታ ነገር ቢያገኝ አትፍረዱበት።

የመጀመሪያው ምን እንዳለ ደግሞ አትንገሩት። አፋችሁን ይበላችኋል፣ አውቃለሁ። ግን "ጓርኒሲዮን ነው አሉኝ" ካላችሁት ጓርኒሲዮን ነው የሚፈልገው። የምትነግሩት ያያችሁትን ብቻ ነው፦ መቼ ጀመረ፣ ስትሄዱ ነው ወይስ ስትቆሙ፣ ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ ምን ድምፅ፣ ምን ሽታ።

መኪናዋን ወደ ቤት መልሻት ነበርና ጎረቤቴ ያገናኙኝ መካኒክ ቤት ድረስ መጡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ልጄ፣ የሚግለው ስትሄጂ ነው ስትቆሚ?" ብለው ነው። ስቆም ብቻ ነበር። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆም ግን ፋኑ ነው የሚሠራው፣ እናም ጥርጣሬያቸው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ወደዚያ ሄደ። ቢሆንም ጓርኒሲዮኑን አልዘለሉትም። የዘይት መለኪያዋን አውጥተው አዩ፦ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ቢሆን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ማርሚታው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ያወጣ እንደሆነ አዩ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው አስነሱና የማያቋርጥ አረፋ ይመጣ እንደሆነ ጠበቁ። አንዱም የለም። ሞተሩ ሲግል ግን ፋኑ ዝም አለ፣ ሪሌዩን ነቅለው በሽቦ ሲያገናኙት ወዲያው ዞረ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

በዚያው የራዲያተሩን ክዳን ጎማ አዩልኝ። ይሄ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ነገር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው፣ ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው። ጎማው ከደረቀ ግፊቱን አይይዝም፣ ውሃው ይፈላል፣ እናንተም ሞተር ልታስወርዱ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሁለት መካኒኮች ካልተስማሙ በርካሹ ፍተሻ ጀምሩ። ክዳን፣ ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ ቴርሞስታት፣ ከዚያ ነው ትልቁ።

"ኮምፒውተር አስነበብነው" ካሏችሁ የወጣውን ኮድ ጻፉት። ኮድ የዕቃ ስም አይደለም። ፒ0300 ማለት ሞተሩ አንዳንዴ በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው፣ ካንዴላ ሊሆን ይችላል፣ ኮይል፣ ነዳጅ፣ የሚገባ አየር። ከዚያ ተነስቶ አራት ኮይል ይቀየር የሚል ሰው የቱ እንደሞተ አላጣራም። ሁለተኛው ሳያየው ኮዱን እንዳያጠፉትም አስጠንቅቁ።

ስለ መኪናችሁም ትንሽ እወቁ፣ ትንሽ ይበቃል። ለምሳሌ ቪትዝ የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፣ ሰንሰለት ነው። ፕሮፎርማ ላይ "ታይሚንግ ቺንጋ መቀየር" የሚል ካያችሁ ያ ሰው የሌላ መኪና ዝርዝር ገልብጦላችኋል።

የዕቃ ዋጋ ራሳችሁ አጣሩ። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂዱ፣ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ግቡ፣ መንገድ ላይ "ምን ፈለጋችሁ?" እያለ የሚቀበላችሁን ደላላ አልፋችሁ። መካኒኩን ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሱ ኮሚሽን ዋጋው ውስጥ ሊገባ እንደሚችል እወቁ፤ ብቻችሁን ከሄዳችሁ ደግሞ የማይገጥም ዕቃ ልትገዙ ትችላላችሁ። እኔ የማደርገው መጀመሪያ ብቻዬን ዋጋ ጠይቄ፣ ከዚያ ከሱ ጋር መግዛት ነው። ዱባይ ዘመድ ያለው ሰው የዕቃውን ቁጥር ልኮ እዚያ ስንት እንደሆነ ማወቅ ይችላል፣ ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ሲቀየር አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ።

ፍሬን አልይዝ እያለ ከሆነ ወይም የዘይት መብራት ከበራ መኪናውን እየነዳችሁ ከጋራዥ ጋራዥ አትዙሩ። የሚጋልም እንደዚያው ነው፣ እስኪቀየር ቢነዳ እውነተኛው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። መካኒኩ ወደ መኪናው ይምጣ። በኢንሹራንስ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የኩባንያው ሰው ሳያይ ምንም አይፈታ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ከ2016 ወዲህ ቁጥራችሁ በዝቷል፣ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። "ባትሪው ሞቷል" የሚል ዋጋ ከመኪናው ግማሽ ሊደርስ ስለሚችል ሁለት ነገር ሳታዩ አትመኑ፦ የትልቁ ባትሪ ጤንነት በመቶኛ ስንት እንደሆነና የሴሎቹ ቮልት አንድ በአንድ። ከዚያ በፊት ግን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ አስፈትሹ። እሷ ስትደክም መኪናው ጭራሽ አይነሳም፣ ዳሽቦርዱም በማስጠንቀቂያ ይሞላል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ጋ ተመልሼ ለማስጎተቱና ላየበት 1,500 ብር ከፈልኩ። ሪሌይ እንደነበር ስነግረው ትንሽ አሰበና "እሱም ይሆናል" አለኝ። ዘይት የማስቀይረው ግን አሁንም እሱ ጋ ነው፣ ለቤቴ ቅርብ ነው።