ስለ አባላዘር በሽታ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምልክት እስኪታይ መጠበቅ። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ብዙ ወንዶችም ሳያውቁት ይከርማሉ። ሳይታከም የቆየ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ግን ወደ ማህፀን ቱቦ ዘልቆ ጠባሳ ሊተውና መካንነት ሊያስከትል ይችላል።

ምልክቱ ሲጠፋ "ዳንኩ" ማለት። በዚህ ቂጥኝን የሚያህል አታላይ የለም። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥም ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ሰውየው እፎይ ሲል ባክቴሪያው በደሙ ተሰራጭቷል። ቆየት ብሎ ሽፍታ ይወጣል፣ አንዳንዴም መዳፍና ውስጥ እግር ላይ፤ እሱም ይጠፋል። ከዚያ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ በአንዳንዶች ላይ ልብን ወይም አንጎልን ይጎዳል። የሚያናድደው፣ ገና በጅምሩ ቢደረስበት ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ይበቃው ነበር።

የተረፈ ኪኒን መዋጥ። ጨብጥ ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዷል፤ ድሮ ያድን የነበረው ሲፕሮ የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ዛሬ አይታመንበትም። ሄርፒስ ደግሞ ቫይረስ ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ ጨርሶ አይነካውም።

ብቻን መታከም። የፍቅር ጓደኛው ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለክላሚዲያ አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላም 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። "ማን አመጣው?" የሚለው ጭቅጭቅ (ያው፣ አይቀርም) ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ያለ ምልክት ለወራት የቆየ በሽታ መቼ እንደገባ በምርመራ አይለይም።

ኮንዶምን አለመረዳት። አንዳንዱ ከንቱ ነው ይላል፣ ሌላው ሁሉን ይከላከላል ብሎ ያምናል። ኤችአይቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል። ሄርፒስና ኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ቫይረስ) ግን በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፉ፣ ካልተሸፈነ ቦታ ሊያልፉ ይችላሉ። ቫዝሊንና ዘይት የላቲክስ ኮንዶምን ያሳሳሉ። ኤችፒቪና ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ) ክትባት አላቸው።

የሽንት ቤት መቀመጫን መፍራት። ይህስ ይለፈን፤ አባላዘር በሽታ ከመቀመጫ አይያዝም።

"ተመርምሬ ነፃ ነኝ" ማለት። ከምኑ? የኤችአይቪ ምርመራ ስለ ጨብጥ አይናገርም። ከተጋለጡ ማግስት የተደረገ ምርመራም ገና ያልታየው በሽታ ያመልጠዋል፤ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ እስከ 90 ቀን ሊፈልግ ይችላል። በአፍ ወይም በፊንጢጣ ግንኙነት ከነበረም ለሐኪሙ ሳያፍሩ መንገር ይገባል፤ ጉሮሮ ውስጥ የተደበቀ ጨብጥ በሽንት ምርመራ አይገኝም።